ካልሲውም ይሠራ፣ መጽሐፉም ይነበብ፦ ሥራ በበዛበት ሳምንት ለእጅ ሥራና ለንባብ ጊዜ የምናገኘው እንዴት ነው?

 

ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስኳርና ስለ ጨጓራ ብዙ አውርተናል። ዛሬ ቀለል ወደሚል፣ ግን በውስጥ መስመር በተለያየ መልክ ደጋግሞ ወደሚመጣ ጥያቄ እንሂድ። ጥያቄው ሲጠቃለል እንዲህ ነው፦

«ዶክተር፣ ከሥራ ደክሜ ነው የምገባው። የእህቴ ልጅ ልትወልድ ስለሆነ የጀመርኩት የሕፃን ካልሲ አለ። የገዛሁት መጽሐፍም ራስጌዬ ላይ አቧራ እየጠጣ ነው። ክሩን ሳነሳ መጽሐፉ ይቆጨኛል፣ መጽሐፉን ስገልጥ ካልሲው ይታወሰኛል። በመጨረሻ ሁለቱንም ትቼ ስልኬን ስነካካ እኩለ ሌሊት ይሆናል።»

«ይሄ ደግሞ ከጤና ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ብዙ ነው የሚያገናኘው። የእንቅልፍ፣ የእጅ ነርቭ፣ የዓይን፣ የአንገትና ከሁሉም በላይ የአእምሮ ጤና ጉዳይ ነው። አንድ ሰው የሚያስደስተውን ነገር ለወራት ሲተው ሐኪም ዝም ብሎ አያልፈውም። ለምን እንደሆነ ወደ መጨረሻው አካባቢ እነግራችኋለሁ፤ እስከዚያ ድረስ አንብቡ።

የዛሬውን ትምህርት በአንድ ዓረፍተ ነገር ልንገራችሁ፦ ለሁለቱ እኩል ሰዓት ለማካፈል አትጨነቁ፤ ዓይንና ጭንቅላት በደከመበት ሰዓት ክሩን፣ እጅ በደከመበት ሰዓት መጽሐፉን አንሱ፤ ከእንቅልፋችሁ ግን ለሁለቱም አትቀንሱ።

እስኪ በዝርዝር እንየው።

1. በእርግጥ ይጠቅማሉ?

የእጅ ሥራን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በእንግሊዝ አገር የሙያ ሕክምና መጽሔት ላይ የታተመ ጥናት ከተለያዩ አገሮች ከ3,500 በላይ ሹራብ ሠሪዎችን ጠይቆ ነበር። ቶሎ ቶሎ የሚሠሩት ሰዎች መረጋጋትና ደስታ እንደሚሰማቸው ተናግረዋል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፣ ሰዎቹ ስለ ራሳቸው የሰጡት መልስ ነው፤ የመድኃኒት ሙከራ አይደለም። ቢሆንም እናቶቻችን እንዝርት እያሾሩ ሲያወጉ ፊታቸው ላይ የምናየው እርጋታ ለማናችንም እንግዳ አይደለም። ተደጋጋሚና ምት ያለው የእጅ እንቅስቃሴ ከአንዱ ሐሳብ ወደ ሌላው የሚዘለውን አእምሮ ቁጭ ያደርገዋል።

ንባብን በተመለከተ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 3,635 ሰዎችን ለ12 ዓመት ተከታትሏል። መጽሐፍ የሚያነቡት ከማያነቡት ጋር ሲነጻጸሩ በዚያ ጊዜ ውስጥ የመሞት ዕድላቸው በ20 በመቶ ያነሰ ነበር። የትምህርትና የሀብት ልዩነት ታሳቢ ተደርጎም ልዩነቱ አልጠፋም። ይህ «መጽሐፍ ዕድሜ ያስረዝማል» የሚል ማረጋገጫ አይደለም፤ የሚያነቡ ሰዎች በሌላም ነገር ሊለዩ ይችላሉ። አንድ የሚያበረታታ ነገር ግን አለው፦ በሳምንት እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ብቻ የሚያነቡትም ልዩነቱ ታይቶባቸዋል። በቀን ሲካፈል ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው ማለት ነው።

ሁለቱን አንድ ላይ ያየም አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 የማዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች ከ1,300 በላይ አረጋውያንን መርምረው፣ መጽሐፍ የሚያነቡትም እንደ ሹራብ ያለ የእጅ ሥራ የሚሠሩትም መለስተኛ የማስታወስ ችግር በብዛት እንደማይታይባቸው አግኝተዋል። ስለዚህ «የቱ ይሻላል?» ብላችሁ አትጨነቁ። ሁለቱም ጥሩ ናቸው።

2. ሁለቱ የሚያደክሙት የተለያየ የሰውነት ክፍል ነው

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። «የትርፍ ጊዜ ሥራ» ብሎ ሁለቱን በአንድ ቅርጫት ይከታል፤ ከዚያ ያለችውን አንዲት ሰዓት ያሻማቸዋል።

ንባብ የሚፈልገው ንቁ ዓይንና የተሰበሰበ ሐሳብ ነው። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ቁጥር ሲያይ የዋለ ሰው ማታ ሦስት ጊዜ አንዱን ገጽ ደጋግሞ ቢያነብ አይግረመው። ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ዓይኑና ትኩረቱ ደክሟል።

ክር ደግሞ እጅ አንዴ ከለመደው ሐሳብ ብዙም አይጠይቅም። ካልሲን ለሠራ ሰው ይህ ግልጽ ነው። የእግሩ አንገት ላይ ዙሪያውን ዝም ብሎ መሄድ ነው፤ ቴሌቪዥን እያዩም፣ እያወሩም ይሠራል። ተረከዙ ጋ ሲደረስ ግን መቁጠር ይመጣል፣ መቀነስና መጨመር ይመጣል። እንቅልፍ እያዳፋችሁ ተረከዝ ከጀመራችሁ በማግሥቱ መፍታታችሁ አይቀርም።

ስለዚህ፦

👉 ጭንቅላታችሁ የደከመ ዕለት፦ ቀላሉን የካልሲ ክፍል ሥሩ።
👉 ቀኑን ሙሉ ስትጽፉ፣ ልብስ ስታጥቡ ወይም ወጥ ቤት ስትሠሩ ውላችሁ እጃችሁ የዛለ ዕለት፦ መጽሐፍ ያዙ።
👉 ተረከዙንና ከበድ ያለውን መጽሐፍ፦ ለቅዳሜና ለእሑድ ጠዋት፣ አእምሮ ንጹሕ ለሆነበት ሰዓት አቆዩ።
👉 ሁለቱም የደከሙ ዕለት፦ ተኙ። እሱም ሥራ ነው።

3. ጊዜው ከየት ይመጣል?

«ጊዜ የለኝም» ስንል ብዙውን ጊዜ የሌለን አንድ ወጥ የሆነ ረጅም ሰዓት ነው። የተቆራረጠ ጊዜ ግን አለን።

ወረፋ። ባንክ፣ ሆስፒታል፣ የመንግሥት ቢሮ፤ ቁጭ ብላችሁ ተራ የምትጠብቁበት ቦታ ሁሉ ለክር ይመቻል። ካልሲ ትንሽ ስለሆነ በእጅ ቦርሳ ይያዛል። ስማችሁ ሲጠራም እንደ መጽሐፍ ታሪኩ አያስቆጭም፣ ዙሩን አቋርጦ መነሳት ነው።

መንገድ። ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ መርፌ አታውጡ፤ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ለራሳችሁም ለጎረቤታችሁም አደጋ ነው። መጽሐፍም ቢሆን ብዙ ሰው ያጥወለውለዋል። ዓይን «ቆመናል» ሲል ጆሮ ውስጥ ያለው የሚዛን አካል «እየሄድን ነው» ይላል፤ አእምሮ ሁለቱ አልስማማ ሲሉት ማቅለሽለሽ ይመጣል። ለመንገድ የሚመቸው ትረካ ነው። ለእኛ ሰው ደግሞ መጽሐፍን በጆሮ መስማት አዲስ ነገር አይደለም፤ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ የሰማው ሰው ብዙ ነው። ዛሬ ስልካችን ላይ ትረካ ሞልቷል። የጆሮ ማዳመጫችሁን ድምፅ ግን አጠገባችሁ ያለ ሰው ሲያናግራችሁ መስማት በምትችሉበት ልክ አድርጉት።

የቡና ሰዓት። ለክር ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ወሬው አይቋረጥም፣ እጅም ሥራ አይፈታም። ሌላም ጥቅም አለው፦ እጃችሁ ክር ሲይዝ ስልክ አይዝም።

መብራት ሲጠፋ። በሻማ ማንበብ ዓይንን ለዘለቄታው አያበላሽም፤ ዓይንን ግን ያደክማል፣ ራስም ያሳምማል። እጃችሁ የለመደውን ቀላል ዙር በዳበሳም ቢሆን ትሠሩታላችሁ። ሻማው አጠገብ ክርና ሱፍ እንዳይጠጋ ብቻ ተጠንቀቁ።

የበዓል ቀን። በእምነታቸው ምክንያት በበዓል ቀን መርፌና ክር የማይነኩ ብዙ ናቸው። እንዲህ ከሆነ ቀኑ ለመጽሐፍ የተሰጠ ነው ማለት ነው። «ዛሬ ካልሲው ቀረብኝ» የሚል ቁጭት አያስፈልግም።

ከመኝታ በፊት። እዚህ ጋ የታተመ መጽሐፍ ይቅደም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት 12 ጤነኛ ወጣቶችን አንዴ ብርሃን በሚያወጣ ታብሌት፣ አንዴ በታተመ መጽሐፍ ማታ ማታ እንዲያነቡ አድርጓል። በታብሌት ያነበቡ ጊዜ እንቅልፍ እስኪወስዳቸው 10 ደቂቃ ያህል ተጨማሪ ፈጅቶባቸዋል፤ ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀን ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞንም ቀንሷል። በማግሥቱ ጠዋትም ድብታ ነበራቸው። በስልክ ከማንበብ ሌላ አማራጭ ከሌላችሁ ብርሃኑን ዝቅ አድርጉት፣ የመልእክት ድምፁንም ዝጉት።

4. አንድ ሳምንት በምሳሌ

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከቤት ወጥታ ማታ 1 ሰዓት የምትገባ፣ ሁለት ልጆች ያሏት ሠራተኛ እህት እንውሰድ። ማታ 4 ሰዓት ተኝታ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ትነሳለች፤ ይህ ሰባት ሰዓት ተኩል እንቅልፍ ነው። አዋቂ ሰው ቢያንስ ሰባት ሰዓት መተኛት ስላለበት ይህን አንነካባትም።

✔ ሰኞና ረቡዕ፦ ከመኝታ በፊት 25 ደቂቃ መጽሐፍ
✔ ማክሰኞና ሐሙስ፦ ልጆቹ የቤት ሥራ ሲሠሩ አጠገባቸው ተቀምጦ 25 ደቂቃ ካልሲ
✔ ዓርብ፦ ምንም። ለድካም፣ ለእንግዳ፣ ላልታሰበ ነገር የተተወ ቀን
✔ ቅዳሜ፦ 40 ደቂቃ ካልሲ (ተረከዙ ጠዋት፣ ቀላሉ ቡና ላይ)
✔ እሑድ፦ ከምሳ በኋላ 50 ደቂቃ መጽሐፍ

ስንደምረው ንባብ 100 ደቂቃ፣ ካልሲ 90 ደቂቃ ይሆናል። በድምሩ 190 ደቂቃ፤ በቀን ሲካፈል 27 ደቂቃ ገደማ። ይህን ያህል ጊዜ ስልክ ላይ ምን ሳናይ እንደሚያልፍ ሁላችንም እናውቃለን።

አንድ ገጽ በሁለት ደቂቃ ይነበባል ብንል በሳምንት 50 ገጽ ይሆናል። ባለ 200 ገጽ ልብ ወለድ በአራት ሳምንት ያልቃል። አንድ ጥንድ የሕፃን ካልሲ አራት ሰዓት ይፈጃል ብንል ደግሞ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ይደርሳል። የአዋቂ ካልሲ በቀጭን ክር 16 ሰዓት ቢወስድ ግን ወደ 11 ሳምንት ነው። ይህን ስሌት ያመጣሁት ለምንድን ነው? የአብዛኛው ሰው ጭንቀት የሚመጣው «በዚህ ሳምንት እጨርሰዋለሁ» ከሚል ከአቅም በላይ የሆነ ቀጠሮ ስለሆነ ነው። ለአራስ ጥየቃ ይዛችሁ የምትሄዱት ካልሲ ከሆነ ነፍሰ ጡሯ ሰባተኛ ወሯን ስትይዝ ጀምሩት። ዘጠነኛው ወር ላይ ሌሊት ቁጭ ብሎ መሥራት አይኖርም።

5. እጅ፣ ዓይን፣ አንገት፦ ምልክቶቹን ልብ በሉ

እጅ። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ መሐል ጣትና የቀለበት ጣት ግማሹ ከደነዘዘ ወይም እንደ መርፌ ከወጋጋ፣ በተለይ ደግሞ ሌሊት ከእንቅልፍ ቀስቅሶ እጅ የሚያራግፍ ከሆነ፣ ካርፓል ተነል ሲንድረም የሚባለው ሊሆን ይችላል። የእጅ አንጓ ውስጥ በጠባብ መተላለፊያ የሚያልፈው ነርቭ ሲጫን የሚመጣ ነው። በእርግዝና፣ በስኳር ሕመምና የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ በብዛት ይታያል። ስለዚህ «ክር አብዝቼ ነው» ብላችሁ ብቻ አትለፉት፤ ከኋላው ሌላ ሕመም ሊኖር ይችላል።

በአውራ ጣት በኩል ያለው የአንጓ ጎን የሚያም ከሆነ ደግሞ የጅማት መቆጣት ሊሆን ይችላል። ይህኛው ሕፃን ደጋግመው በሚያነሱ አዲስ እናቶች ላይ የተለመደ ነው።

ምን እናድርግ?
• መርፌውን ጥብቅ አድርጋችሁ አትያዙ፤ አንጓችሁ ሳይታጠፍ ቀጥ ይበል።
• በየ25 ደቂቃው አቁሙ፤ ጣቶቻችሁን ዘርጉ፣ ትከሻችሁን አዙሩ።
• ሌሊት የሚደነዝዝ ከሆነ አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ አድርጎ መተኛት ብዙዎችን ይረዳል።
• ዕቃ ከእጃችሁ መውደቅ ከጀመረ፣ አውራ ጣት ሥር ያለው ሥጋ ከሟሸሸ ወይም ድንዛዜው ቀንም ሌሊትም ካልለቀቀ ሳትዘገዩ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ነርቭ ለረጅም ጊዜ ከተጫነ መልሶ አይድን ይሆናል።

ዓይን። በየ20 ደቂቃው ቀና ብላችሁ ስድስት ሜትር ያህል የራቀ ነገር ለ20 ሰከንድ ተመልከቱ። ዓይናችሁንም አርገብግቡ፤ አተኩረን ስናይ ማርገብገብ ስለምንቀንስ ዓይን ይደርቃል። ዕድሜያችሁ ወደ 40ዎቹ ገብቶ መጽሐፉን ራቅ አድርጋችሁ መያዝ ከጀመራችሁ ወይም ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት ካቃታችሁ፣ ብዙውን ጊዜ የዕድሜ ለውጥ ነው፤ የቅርብ መነጽር ያስተካክለዋል። ብዙ ሰው «ንባብ አስጠላኝ» የሚለው መነጽር ስለሚያስፈልገው ነው። መነጽሩን ከመንገድ ገዝቶ ከመጨረስ ግን መመርመር ይሻላል፤ በዚያው የዓይን ግፊት ይለካላችኋል። ግላኮማ ሕመም ሳያሰማ ዓይንን የሚሰርቅ በሽታ ነው።

አንገትና ወገብ። መጽሐፉን ወይም ክሩን ጭናችሁ ላይ አድርጋችሁ አንገት ከመድፋት ትራስ ደርባችሁ ከፍ አድርጉት። ሁለቱም የቁጭታ ሥራዎች መሆናቸውንም አትርሱ። በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ያስፈልገናል። ትረካ እየሰሙ በእግር መሄድ እዚህ ላይ ሁለት ሥራ ይሠራል።

6. ካልሲው ለማን ነው?

ለሕፃን ከሆነ፦ ካልሲውን ገልብጣችሁ ውስጡን እዩ። የተንጠለጠለ ክር ካለ በደንብ ቋጥራችሁ ቁረጡት። ቀጭን ክር ወይም ፀጉር በሕፃን ጣት ላይ ተጠምጥሞ የደም ዝውውር ሊያቋርጥ ይችላል። ሕፃን ያለ ምክንያት ሲያለቅስ ካልሲውን አውልቃችሁ ጣቶቹን አንድ በአንድ ተመልከቱ። ያበጠ ወይም የቀላ ጣት ካያችሁና ክሩን ወዲያው ማውጣት ካልቻላችሁ በአስቸኳይ ጤና ተቋም ውሰዱት።

የስኳር ሕመም ላለባቸው አባት ወይም እናት ከሆነ፦ አፉ የማያጠብቅ፣ ውስጡ ወፍራም ስፌትና ቋጠሮ የሌለው አድርጋችሁ ሥሩ። ስኳር የእግርን ስሜት ሊያደነዝዝ ስለሚችል ትንሿ ቋጠሮ ሳይሰማቸው ልታቆስል ትችላለች። ነጣ ያለ ቀለም ብትመርጡ ቁስል ሲኖር እርጥበቱ ወይም ደሙ ቶሎ ይታያል። ካልሲውን ስታደርጉላቸው እግራቸውንም እዩላቸው። ይህ ከስጦታው በላይ ነው።

7. የደስታ ሥራ ዕዳ ሲሆን፣ ደስታውም ሲጠፋ

በመጀመሪያ ላይ ቆይቼ እነግራችኋለሁ ያልኳችሁ ይህ ነው።

አንዳንዴ እጅ ሥራውም ንባቡም ሌላ የቢሮ ሥራ ይሆንብናል። «በዓመት ይህን ያህል መጽሐፍ አነባለሁ» ብሎ መቁጠር፣ ለሁሉም ዘመድ ካልሲ ቃል መግባት። ጥፍጥናው እንዲህ ሲጠፋ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቃሉን ቀንሱ። ያልጣማችሁን መጽሐፍ ግማሽ ላይ ተዉት፣ ማንም አይጠይቃችሁም። ካልሲውም አንድ ጥንድ ይበቃል።

ነገር ግን ሌላ ዓይነት መተው አለ። ጊዜ እያላችሁ፣ ክሩም መጽሐፉም አጠገባችሁ ሆኖ፣ ምንም ካላሰኛችሁ፤ ድሮ የሚያስደስታችሁ ነገር ሁሉ ጣዕም ካጣ፤ ይህም አብዛኛውን ቀን ለሁለት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ከቆየ፤ በዚያ ላይ እንቅልፍ ከተዛባ፣ የምግብ ፍላጎት ከተለወጠ፣ ድካምና ተስፋ መቁረጥ ከመጣ፣ ይህ የጊዜ አጠቃቀም ችግር አይደለም። ድባቴ ሊሆን ይችላል። የሚታከም ሕመም ነው። በተለይ በወለደች እናት ላይ «አራስ ስለሆነች ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ደግሞ ለነገ አይባልም፤ ለምታምኑት ሰው ወዲያው ተናገሩ፣ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ሆስፒታልም ሂዱ።

ስለዚህ እህታችሁ፣ ጓደኛችሁ ወይም እናታችሁ «ክሩን ተውኩት፣ ማንበቡንም ተውኩት» ስትላችሁ «ጊዜ አጥተሽ ነው» ብላችሁ አትለፉ። «ጊዜ ብታገኚ ያሰኝሻል?» ብላችሁ ጠይቋት። መልሱ ብዙ ነገር ይነግራችኋል።

ለማጠቃለል፦

✔ ሰዓቱን እኩል አትካፈሉ፤ የደከመውን የሰውነት ክፍል እያሳረፋችሁ ምረጡ።
✔ በሳምንት አንድ ቀን ባዶ ተዉ።
✔ ከስልክ ሰዓት ቀንሱ እንጂ ከእንቅልፍ አትቀንሱ።
✔ በየ20 እና 25 ደቂቃው ዓይንና እጅ ይረፉ።
✔ የእጅ ድንዛዜና የደስታ መጥፋት ሲቆይ ሐኪም ይየው።

ዛሬ ማታ ስልካችሁን ሌላ ክፍል ቻርጅ ላይ ሰክታችሁ ራስጌያችሁ ላይ መጽሐፉን ወይም ክሩን ብቻ አስቀምጡ። ሁለቱንም አይደለም፤ አንዱን። የትኛውን እንደሆነ እጃችሁና ዓይናችሁ ይነግሯችኋል።

ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ ነው፤ ምርመራን አይተካም። ክር ለምትሠራ እናት፣ መጽሐፍ ለገዛና ላልጀመረ ወዳጃችሁ ሼር አድርጉላቸው።